ቤቴ ሲሞላ ጸሎቴ ጎደለ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ባለቤቴ ሥራ አጥቶ በነበረ ጊዜ ሽሮ ብቻ እየበላን ሁለት ዓመት ገፍተናል። ያኔ ከጸሎት ተለይቼ አላውቅም። ዛሬ እግዚአብሔር ይመስገን ሱቃችን ቆሟል፣ ፍሪጃችንም ሙሉ ነው። ግን ማዕድ ላይ «ተመስገን» እላለሁ፣ ወዲያው ስልኬን አነሣለሁ። አንዳንዴ ደግሞ «ለፍተን ያገኘነው አይደል?» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ጥጋብ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥጋብ ኃጢአት አይደለም። ሙሴ በሞዓብ ሜዳ ሕዝቡን ሲሰናበት ስንዴውን፣ ገብሱን፣ ወይኑን፣ በለሱን፣ ሮማኑን፣ ወይራውን፣ ማሩን ሳይቀር ቆጥሮ ነው ተስፋ የሰጣቸው (ዘዳግም 8)። ትበላለህ፣ ትጠግባለህ፣ ከዚያም አምላክህን ትባርካለህ አላቸው። ቅደም ተከተሉን አየሽው? እኛ ከመብላታችን በፊት እንባርካለን፣ ደግ ነው። ሙሴ ግን ከጠገቡ በኋላ ያለውን ሰዓት ነው የፈራው። የራበው ሰው አምላኩን ለመጥራት አስታዋሽ አይፈልግም። አንቺም ስትቸገሪ ማንም አልቀሰቀሰሽም።

«ለፍተን ያገኘነው» ያልሽው ሐሳብ እዚያው ምዕራፍ ላይ አለ። ይህን ሀብት ያመጣልኝ የእጄ ብርታት ነው እንዳትል ይላል። ልብ በዪ፣ አልለፋህም አላለም። ሀብት የምታገኝበትን ጉልበት የሰጠህ እርሱ ነው ነው ያለው። በሌሊት ተነሥታችሁ ሱቅ መክፈታችሁ እውነት ነው፤ መነሣት መቻላችሁስ?

በምድረ በዳ 40 ዓመት መና ሲበሉ ለአንድ ሰው የሚሰፈረው አንድ ጎሞር (የጥንት መስፈሪያ ነው) ነበር። ለነገ ብሎ ያስተረፈው በማግስቱ ተልቶ ሸተተ። (ለሰንበት የተቀመጠው ግን አልተላም።) ፍሪጅሽን አጥፊ ማለቴ አይደለም! ከዚያው መና አንድ ጎሞር በመሶብ ተደርጎ ለልጅ ልጅ እንዲታይ በእግዚአብሔር ፊት ተቀምጧል። እመቤታችንን «መሶበ ወርቅ» የምንላት ከዚህ ተነሥተን ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ዘዳግም 26 ላይ ያለው ቅርጫት ነው። ገበሬው የመጀመሪያውን ፍሬ በቅርጫት ይዞ ይመጣል። ካህኑ ተቀብሎ በመሠዊያው ፊት ያኖረዋል። ሰውዬው ግን «ተመስገን» ብሎ አይሄድም። ታሪኩን ይናገራል፦ አባቴ ተንከራታች ነበር፣ በቁጥር ጥቂት ሆኖ ወደ ግብፅ ወረደ፣ ግብፆች አስጨነቁን፣ ወደ እግዚአብሔር ጮኽን፣ እርሱም ሰማን፣ አወጣን፣ ይህን ምድር ሰጠን። እጁ ላይ የያዘው የዘንድሮ እህል ነው፣ አፉ ላይ ያለው ግን የድሮው ችግር ነው። ከዚያ የርስት መሬት ከሌላቸው ከሌዋዊውና ከመጻተኛው ጋር ደስ ይበልህ ይባላል። ርስት የሌለው ሰው ያልተቀመጠበት ማዕድ ገና አላመሰገነም ማለት ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የማነበው።

ስለዚህ «ተመስገን»ሽን አትናቂው፣ አስረዝሚው እንጂ። ገበታው ከፍ ሲል ቶሎ አትነሺ። አባቶቻችን «ስብሐት ለእግዚአብሔር ዘአብልዐነ» (ላበላን እግዚአብሔር ምስጋና ይሁን) የሚሉት ከበሉ በኋላ ነው፤ ግእዙ ቢከብድሽ በአማርኛ በዪው። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ብቻውን የሚበላ ጎረቤት ጥሪ። ልጆችሽ ያንን የሽሮ ዘመን ያውቁታል? ትንሹ ምናልባት አልተወለደም ነበር። ዛሬ ማታ ንገሪያቸው፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ተዪውና። የቀረውን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪ።