የደም ቆጣሪ ማሽን ለእንስሳት ምን ያህል ይታመናል? ጥያቄና መልስ

በድሬዳዋና በሐረር አካባቢ የሚሠሩ የእንስሳት ሕክምና ባልደረቦችና ተማሪዎች ስለ ሲቢሲ ማሽን (የደም ሴሎችን ስለሚቆጥረው መሣሪያ) ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ የግል ክሊኒክ)፦ ለሰው ሕክምና የተሠራ ያገለገለ ማሽን ገዝተናል። ለፍየልና ለግመል ልንጠቀምበት እንችላለን?

እንዳለ አትጠቀሙበት። አብዛኞቹ እነዚህ ማሽኖች የሚሠሩት ዋላስ ኩልተር በ1953 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ዘዴ ነው፤ ሴሉ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ መቋቋም ለውጥ ይለካና ከዚያ የሴሉ መጠን ይገመታል። ስለዚህ ማሽኑ የሚያውቀው መጠንን እንጂ የሴሉን ማንነት አይደለም። የሰው ቀይ የደም ሴል ከ80 እስከ 100 ፌምቶሊትር (እጅግ ትንሽ የይዘት መለኪያ) ሲሆን የፍየል ግን ከ16 እስከ 25 ብቻ ነው። ለሰው በተሠመረው ወሰን የፍየሏ ቀይ ሴሎች ደም እንዲረጋ ከሚያግዙት ትንንሽ ሴሎች፣ ከፕሌትሌት ጎራ ይመደባሉ፤ ውጤቱም ጤነኛዋን ፍየል ደም ያነሳት፣ ፕሌትሌቷ ደግሞ ከልክ ያለፈ አስመስሎ ያወጣታል።

የግመል ችግር ሌላ ነው። ስሚሩን (በስላይድ ላይ በስሱ የተቀባውን ደም) በማይክሮስኮፕ ብታዩት ቀይ ሴሎቹ ክብ ሳይሆኑ እንደ ስንዴ ፍሬ ሞላላ ናቸው፤ ውኃ ሲበዛባቸውም በቀላሉ አይፈነዱም። ግመሏን በረሃ ላይ የሚጠቅማት ይህ ጥንካሬ ለማሽኑ እንቅፋት ይሆናል፤ ምክንያቱም ቀዩን ሴል ለማፍረስ የሚጨመረው ኬሚካል (ሪኤጀንት) በሚገባ ካልሠራ የተረፉት ቀይ ሴሎች እንደ ነጭ ሴል ይቆጠራሉ። የግመል ነጭ ሴል ከልክ በላይ በዝቶ ሲወጣ ኢንፌክሽን ከማለታችሁ በፊት ስሚሩን እዩ።

ጥያቄ (ከሐረር፣ የላብራቶሪ ባለሙያ)፦ ትክክለኛነቱን ለመመዘን ከየት ልጀምር?

አንድን ትኩስ ናሙና ደጋግመህ በማስቆጠር ጀምር፤ ቢቻል 20 ጊዜ። ውጤቶቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚዋዥቁ በመቶኛ አስላ። በራሱ ውጤት የማይጸና ማሽን ከሌላ ዘዴ ጋር ለመወዳደር አልደረሰም። ቀጥለህ ሴል የበዛበትን ናሙና ሦስት ጊዜ፣ ወዲያው ያነሰበትን ሦስት ጊዜ አሳልፍ፤ ከአነስተኛዎቹ የመጀመሪያው ንባብ ከሦስተኛው ጎልቶ ከበለጠ ማሽኑ ከቀደመው ናሙና ደም እያስተረፈ ነው ማለት ነው።

ዋናው ሥራ ንጽጽሩ ነው። ለእያንዳንዱ የእንስሳ ዓይነት ለብቻው፣ ከጤነኞችም ከታመሙም የተወሰዱ ቢያንስ 40 ናሙናዎች ያስፈልጉሃል፤ የበሬን ውጤት ከፍየል ጋር ቀላቅሎ ማማከል ስሕተቱን ይሸፍነዋል። የማሽኑን ሄማቶክሪት (ቀይ ሴሎች ከደሙ የሚይዙትን ድርሻ በመቶኛ) በካፒላሪ ቱቦ በእጅ ከተለካው ተመሳሳይ ድርሻ፣ ማለትም ከፒሲቪ ጋር ስታነጻጽር በርካታ የመመረቂያ ጽሑፎች በሚወድቁበት ወጥመድ እንዳትወድቅ አደራ እላለሁ፤ እርሱም የተዛምዶ ቁጥር (ሁለት ልኬቶች ምን ያህል አብረው ከፍና ዝቅ እንደሚሉ የሚያሳየው) ነው። ማሽኑ 20 የሆነውን 25፣ 30 የሆነውን 35፣ 40 የሆነውን 45 ብሎ ቢያነብ ተዛምዶው ፍጹም 1 ይሆናል፤ ማሽኑ ግን እያንዳንዱን እንስሳ እያሳሳተ ነው። ሱራ የተባለው የደም ጥገኛ ተውሳክ በሽታ ይዟት የደከመች ግመል ፒሲቪዋ 19 ሆኖ ሳለ 24 ተብሎ ቢነገረን ሕክምናዋን እናዘገያለን። ብላንድና አልትማን በ1986 ያቀረቡት ዘዴ ይህን ያጋልጣል፦ የሁለቱን ዘዴዎች ልዩነት ከአማካያቸው አንጻር በሥዕል አስቀምጥና ልዩነቱ ወደ አንድ ወገን ያደላ እንደሆነ፣ ምን ያህልም እንደሚሰፋ በዓይንህ ተመልከት።

ጥያቄ (ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ መመዘኛ የምናደርገው የእጅ ዘዴስ አይሳሳትም?

ይሳሳታል፤ ይህን በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። የፍየል ቀይ ሴል ትንሽ ስለሆነ ቱቦውን በሚያሽከረክረው መሣሪያ (ሴንትሪፊውጅ) ውስጥ ቶሎ አይጠቀጠቅም፤ በሴሎቹ መካከል ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ይቀርና ፒሲቪው ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይነበባል። ስለዚህ ቱቦውን ለተጨማሪ 5 ደቂቃ አሽከርክሪው፤ ቀዩ ዓምድ ዝቅ ካለ የመጀመሪያው ንባብ ትክክል አልነበረም። ነጭ ሴል በእጅ ሲለይም 100 ሴል ብቻ ቆጥረሽ 5 ኢዮሲኖፊል (አንድ የነጭ ሴል ዓይነት) ብታገኚ፣ እውነተኛው ድርሻ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከ2 እስከ 11 በመቶ ባለው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ 200 ቁጠሪ።

ጥያቄ፦ ሄሞግሎቢን በሦስት ሲባዛ ከሄማቶክሪት ጋር ይቀራረባል የሚለው ሕግ ለግመል ይሠራል?

አይሠራም። የግመል ቀይ ሴል ሄሞግሎቢን የታጨቀበት ስለሆነ በሴሉ ውስጥ ያለው ክምችት ብዙ ጊዜ በዴሲሊትር ከ40 ግራም ያልፋል። ለበሬ ይህ ቁጥር የስሕተት ምልክት ነው፤ ለግመል ግን ጤናማ ነው።

ጥያቄ (ከባቢሌ)፦ ናሙናው ድሬዳዋ እስኪደርስ ውጤቱ ይለወጣል?

በእጅጉ ይለወጣል። አንድ ጊዜ ከደለበ ሰንጋ ጠዋት የተቀዳ ደም ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በሸሚዝ ኪስ ውስጥ ሆኖ ደረሰኝ፤ ባለወይን ጠጅ ክዳኑ የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ቱቦም ከግማሽ በታች ነበር የተሞላው። በሙቀት የቆየ ሴል እያበጠ ሄማቶክሪትን ከፍ ያደርገዋል፤ ደም ባነሰበት ቱቦ ውስጥ የሚበዛው ኢዲቲኤ ደግሞ ሴሉን አኮማትሮ ዝቅ ያደርገዋል። ሁለቱ ስሕተቶች ወደየራሳቸው ስለሚጎትቱ የትኛው እንዳሸነፈ ለመለየት መንገድ አልነበረኝም፤ ማሽኑ ግን ምንም ማስጠንቀቂያ ሳያሳይ ጥርት ያለ ቁጥር አተመ። ናሙናውን እንደገና አስቀዳሁት። እናንተ ቱቦውን እስከ ምልክቱ ሙሉት፣ ቀስ ብላችሁ እየገለበጣችሁ አዋህዱት፣ ስሚሩን እዚያው ደሙን በቀዳችሁበት ቦታ ሥሩ፤ ቱቦውንም በረዶ ሳይነካው በማቀዝቀዣ ሣጥን ላኩት።

ጥያቄ፦ የዶሮ ደምስ?

በዚህ ዓይነት ማሽን አታስቆጥሩት። የዶሮ ቀይ ሴልም ሆነ ለደም መርጋት የሚያገለግለው ሴሏ ኒውክሊየስ ስላላቸው ማሽኑ ከነጭ ሴል ሊለያቸው አይችልም። ናትና ሄሪክ በተባለው ማቅጠኛና ማቅለሚያ ፈሳሽ አቅጥኑና በመቁጠሪያ ስላይድ ላይ በእጅ ቁጠሩት።