ጉዴሪያን ያመሰገነው ወይስ ሊደል ሃርት ያስመሰገነው?

ጥያቄ፦ ብሪታኒያዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊና አርታኢ ባዚል ሊደል ሃርት የታንክ ውጊያን ለጀርመኖች ያስተማረ ሰው ነው የሚሉ መጻሕፍት አሉ። ሌሎች ይህን ያጣጥላሉ። የቱን ልመን? እንዴትስ ላጣራ?

መልስ፦ የክርክሩ እምብርት አንድ አንቀጽ ነው። የጀርመኑ የታንክ ጦር አዛዥ የጄኔራል ሃይንዝ ጉዴሪያን የሕይወት ማስታወሻ በ1951 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ፣ በ1952 በእንግሊዝኛ ታተመ። በእንግሊዝኛው ጉዴሪያን ታንክንና ሜካናይዝድ (በተሽከርካሪ የሚጓዝ) እግረኛን ያጣመረ ክፍለ ጦር ስለማደራጀት ሲያነሳ ሊደል ሃርትን ያመሰግናል። በጀርመንኛው ምስጋናው የለም። የእንግሊዝኛውን መቅድም የጻፈው ሊደል ሃርት ነው፤ በኋላ ወረቀቶቹ ሲመረመሩም አንቀጹ እንዲጨመር በደብዳቤ የጠየቀው እሱ ራሱ ሆኖ ተገኘ።

ሲያጣሩ ሁለቱን የመጀመሪያ እትሞች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የገጽ ቁጥራቸው ስለማይገጥም ከምዕራፉ መነሻ አንቀጽ ይቁጠሩ። ጀርመንኛ የማያነቡ ቢሆን እንኳ የሰው ስም በዓይን ይለያል፤ «Liddell Hart» (ሊደል ሃርት) የሚለውን የምስጋናው አንቀጽ ሊኖር በሚገባው ቦታ ይፈልጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የእንግሊዝኛውን ትርጉም እንደ ዋናው ቅጂ ቆጥሮ ሲጠቅስ ነው።

ቀጥሎ ማስረጃዎን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ በተጻፈው ይክፈሉት። ሊደል ሃርት ከ1925 እስከ 1935 የዴይሊ ቴሌግራፍ፣ ከዚያ እስከ 1939 የታይምስ የጦር ጉዳዮች ዘጋቢ ነበር፤ የዚያ ዘመን ጽሑፉ የሚያስበውን በጊዜው ያሳያል። ከ1945 በኋላ የተባለው ግን ጥንቃቄ ይሻል። በጦርነቱ ዋዜማ መከላከል ከማጥቃት ይበረታል ብሎ ይከራከር ስለነበር፣ ፈረንሳይ በ1940 ስትወድቅ ስሙ ተጎድቷል። ምርኮኛ የሆኑት የጀርመን ጄኔራሎች ደግሞ በአሸናፊዎቹ አገር የሚሰማቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። ምስጋናው ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል፤ ጥርጣሬውም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህ ማለት ሥራው ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። በ1920ዎቹ እንደ ብሪታኒያዊው የጦር መኮንንና ጸሐፊ ጆን ፉለር ሁሉ ስለ ፈጣን የታንክ ጦር በእርግጥ ጽፏል። በ1953 ያሳተማቸው የጀርመኑ ጄኔራል ኤርቪን ሮሜል ወረቀቶችም እጅግ ጠቃሚ ናቸው፤ በተለይ ሮሜል ለሚስቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች። በዝግጅቱ የሮሜል ባለቤት፣ ልጁ ማንፍሬድና አብሮት ያገለገለው ጄኔራል ባየርላይን ተሳትፈዋል። ስለዚህ ሲጠቅሱ የሮሜልን ቃል ከአዘጋጆቹ ማብራሪያ ለይተው ይመዝግቡ። የሊደል ሃርት የራሱ ወረቀቶች ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ይገኛሉ።