መንገዱ ሲሰፋ ጭሱ ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ቤታችን ዋና መንገድ ዳር ነው። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ ለነዋሪው የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱን አሳዩን። የመንግሥት ጥናት ነው፣ ወፍራም ጥራዝ ነው። «መጨናነቁ ስለሚቀንስ የአየር ብክለቱም ይቀንሳል» ይላል። ስብሰባው ላይ ያስረዱን ባለሙያም መኪና ቆሞ ሲያጨስ ከሚውል ሳይቆም ቢያልፍ ይሻላል አሉን። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። የቱን ገጽ ልይ? ምን ብዬስ ልጠይቅ?

መልስ፦ ልብዎ ያልተቀበለው ያለ ነገር አይደለም። ባለሙያው ያሉት ግማሹ እውነት ነው። እየቆመ እየተነሳ የሚሄድ መኪና ሳይቆራረጥ ከሚሄደው ይልቅ ለአንድ ኪሎ ሜትር ብዙ ነዳጅ ይፈጃል። ግን የመኪናው ብዛት ባለበት ይቆያል ወይ? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አይቆይም። መንገድ ሲሰፋ መንዳት ይቀላል፣ ሲቀል ደግሞ የሚነዳው ይበዛል። በአውቶቡስ ይሄድ የነበረው መኪናውን ያስነሳል። መጨናነቁን ፈርቶ ገና ሳይነጋ ይወጣ የነበረው አርፍዶ መውጣት ይጀምራል፣ ርቆ መኖር ያስፈራው የነበረውም ደፍሮ ከከተማ ዳር ቤት ይይዛል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንገዱ ተመልሶ ይሞላል፤ ያኔ ግን ከበፊቱ በበለጠ መኪና ነው።

ይህን ብሪታንያ ራሷ አይታዋለች። የመንግሥት መንገድ አጥኚዎች ለረጅም ጊዜ ያሰሉ የነበረው መንገዱ ተሠራም አልተሠራም ጠቅላላው ጉዞ ያው ነው ብለው ነበር። ለንደንን የሚዞረው ኤም 25 የተባለ አውራ ጎዳና በ1986 ተጠናቀቀና (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ብዙም ሳይቆይ ተጨናነቀ። በ1994 የመንግሥት የራሱ አማካሪ ኮሚቴ አዲስ መንገድ አዲስ ጉዞ እንደሚፈጥር በሪፖርቱ አረጋገጠ።

ስለዚህ የብክለቱን ምዕራፍ ለጊዜው ይተዉትና የትራፊክ ትንበያውን ይግለጡ። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አለ፤ አንዱ «መንገዱ ባይሰፋ»፣ ሌላው «ቢሰፋ» የሚል። ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ የሚጠበቀውን የተሽከርካሪ ብዛት በሁለቱም ይዩ። የሁለቱ ዓምዶች ቁጥር እኩል ከሆነ መንገዱ ራሱ የሚያመጣው ጉዞ አልተቆጠረም ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው የብክለት ስሌት ደግሞ የቆመው በዚያ ቁጥር ላይ ነው።

ሌላው የሚታየው በምን እንደተለካ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የመኪና መዘግየት ራሱ በአካባቢ ላይ እንደ ደረሰ ጉዳት ይቆጠር ነበር። ይታይዎ፣ የሳን ፍራንሲስኮ የብስክሌት ዕቅድ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት አልተሠራለትም ተብሎ በ2006 በፍርድ ቤት ታገደ፣ እስከ 2010ም ታግዶ ቆየ። ብስክሌት አይጨስ፣ አይጮህ! ግን የብስክሌት መስመር የመኪናውን መንገድ ስለሚያጠብ መኪና ሊዘገይ ይችላል። በ2013 በወጣ ሕግ ግን መለኪያው ተቀየረ፤ አሁን የሚጠየቀው መኪኖች ምን ያህል ደቂቃ ቆሙ ሳይሆን ሰው በመኪና ምን ያህል ተጨማሪ ርቀት ይነዳል ነው። የእርስዎ ጥናት የሚያወራው ስለ ደቂቃ ብቻ ከሆነ ስለ አየሩ የሚነግርዎት ጥቂት ነው።

ቤትዎ መንገድ ዳር ስለሆነ ይቺን አደራ አይርሱ። የከተማ አማካይ ቁጥር እርስዎን አይወክልም። ብክለት የሚበረታው ከትልቅ መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ከ150 እስከ 200 ሜትሮች ውስጥ ነው። ጭስ ብቻም አይደለም፤ ከጎማና ከፍሬን የሚነሳ ደቃቅ ብናኝ አለ፣ እሱ ደግሞ መኪናው ኤሌክትሪክ ሆነም አልሆነ ይኖራል። መስኮትዎ ጠርዝ ላይ የሚያገኙት ጥቁር አቧራ ውስጥ እሱም አለበት። መለኪያው የት እንደተተከለና ለስንት ቀን እንደለካ ይጠይቁ።

አማራጭ ታይቶ እንደሆነም ይጠይቁ። ስቶክሆልም በ2006 ወደ መሀል ከተማ የሚገባ መኪና እንዲከፍል አድርጋ ለሰባት ወር ሞከረች፣ አውቶቡስም ጨመረች። በክፍያው መስመር የሚያልፈው ትራፊክ በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ፣ ክፍያውም በ2007 ቋሚ ሆነ። በየቦታው ይሠራል አልልም፤ ግን ሳይታይ ማስፋት ብቻ ከቀረበ ጥናቱ ጎደሎ ነው።

ጥያቄዎን በስብሰባ ላይ በቃል ብቻ አይተዉት። የአስተያየት መቀበያው ቀን ሳያልፍ በጽሑፍ ያስገቡ፣ የገጽና የሠንጠረዥ ቁጥር ይጥቀሱ፣ የገቢ ማኅተም የተመታበትን ቅጂ እርስዎ ዘንድ ያስቀሩ።