ሙዳየ ቃላት በላቴክ፦ ከደሴ እስከ ባቲ የተጠየቅኩትና የመለስኩት

ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ከየአቅጣጫው አንድ ዓይነት ስሞታ ይመጣል፤ «ሙዳየ ቃላቱ ተዘበራረቀብኝ»። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ እዚሁ ሁላችሁም ብትጠይቁኝ ይሻላል ብዬ ነው።

የምናወራው በላቴክ (ጽሑፍን በትእዛዝ አቀናብሮ ለኅትመት የሚያዘጋጅ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ስለሚዘጋጅ ሙዳየ ቃላት ነው። ሁለት ነገሮች አሉ። ግሎሳሪስ-ኤክስትራ የሚባለው ጥቅል ቃላቱን ሰነዱ ላይ ያወጣል፤ በጃቫ የሚሠራው ቢብ-ቱ-ጂኤልኤስ ደግሞ ቃላቱን ከፋይል አንብቦ ይመርጣል፣ ይደረድራል፣ ፊልዶቹንም (የእያንዳንዱን ቃል ዝርዝር መረጃ የሚይዙትን ሣጥኖች) ያስተካክላል። ሁለቱንም የጻፈችው ኒኮላ ታልቦት ናት። የፊልድና የትእዛዝ ስሞችን እዚህ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ ፋይላችሁ ውስጥ ግን በላቲን ነው የምታስገቧቸው።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ስለ ወሎ ሠርግ ነው የምሠራው። ከተለያየ ጽሑፍ የሰበሰብኳቸው ቃላት ግማሹ በ«ሠ» ግማሹ በ«ሰ» ነው። ሲታተም «ሠርገኛ» እዚህ ማዶ፣ «ሰርግ ቤት» እዚያ ማዶ ሆኖ መካከላቸው የ«ረ» ቃላት በሙሉ ገቡ። አማካሪዬ አንድ ላይ ይሁኑ ብለውኛል።

መልስ፦ መሣሪያው አላጠፋም። ፊደላችን በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለፊደላት ሁሉ በሚጠቀሙበት ቁጥር) ሠንጠረዥ ላይ የተቀመጠበት ተራ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ እያለ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ «ረ» በሁለቱ መካከል መግባቱ የግድ ነው። «ሀ»ን ከ«ሐ» ደግሞ «ለ» ይለያቸዋል፤ «ኀ» ከ«ቸ» በኋላ ነው የሚመጣው። አንባቢ ግን በድምፅ ነው የሚፈልገው።

እዚህ ላይ ሁለት ፊልዶችን መለየት አለብህ። «ኔም» ሰው የሚያነበው ነው፤ እንደጻፍከው ይታተማል። «ሶርት» ለመደርደሪያ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ላይ አይወጣም። «ሶርት»ን ባዶ ከተውከው መሣሪያው በራሱ ሌላ ፊልድ ይወስዳል፤ ለተራ ቃል «ኔም»ን፣ ለምህፃረ ቃል «ሾርት»ን፣ ለምልክት ደግሞ መለያውን (በጽሑፉ ውስጥ የምትጠራበትን ስም)። ለ«ሠርገኛ» እንግዲህ «ኔም» ላይ ሠርገኛ፣ «ሶርት» ላይ ሰርገኛ ብለህ ጻፍ። በቃ፣ ከ«ሰርግ ቤት» ጋር ጎረቤት ይሆናሉ።

ቃላቱ ብዙ ከሆኑ በእጅ መሙላት ያታክታል። ፋይሉን በምትጭንበት ትእዛዝ ውስጥ «ሶርት-ሪፕሌስ» የሚባል ቅንብር አለ፤ ይህን ፊደል በዚያ ተካ የሚሉ ጥንዶች ትሰጠዋለህ፣ እሱ የመደርደሪያውን ዋጋ ብቻ ይቀይራል፣ «ኔም»ን አይነካም። ልብ በል፣ «ሠ»ን በ«ሰ» ተካ ማለት «ሡ»ን አይጨምርም። ለኮምፒውተሩ ሰባቱም ሆሄያት ሰባት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ ለሰባቱም ለየብቻ ጥንድ ያስፈልጋቸዋል። «ሐ»፣ «ኀ»፣ «ዐ» እና «ፀ»ም እንደዚያው። «ሃ»ን ከ«ሀ»፣ «ኣ»ን ከ«አ» ጋር ማዋሐድን ደግሞ ሰው ሁሉ ይረሳዋል፤ አንተ አትርሳ። አንዴ ከሠራኸው በኋላ ለጓደኞችህም አካፍላቸው፤ ጥንዶቹ ለማንኛውም የአማርኛ ጽሑፍ ያገለግላሉ።

የራሴን አስተያየት ልጨምር። የራስህ ጽሑፍ ከሆነ መጀመሪያ አጻጻፉን አንድ አድርግ። «ሶርት» የሚጠቅመው የምንጩን አጻጻፍ እንዳለ ማቆየት ሲኖርብህ ነው፤ ለግድየለሽነት መሸፈኛ አታድርገው።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ፦ ልጄ፣ እኔ የምሠራው የብራና ጽሑፍ ላይ ነው። ከላይ ለተማሪው ያልከው ለእኔም ይሠራል ወይ? የግእዙ ፊደል እንዲቀላቀልብኝ አልፈልግም።

መልስ፦ አባ፣ ለእርስዎ ፈጽሞ አይሆንም። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ አበራ ሲሆን «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው፤ ሁለቱን አንድ ቦታ መደርደር ጉዳት ነው። «ሶርት-ሪፕሌስ»ን አያስገቡት፣ የመደርደሪያውንም ዓይነት «ሌተር-ኬስ» ያድርጉት፤ እያንዳንዱን ፊደል እንዳለ በዩኒኮድ ተራው ያስቀምጥልዎታል።

አንድ መጽሐፍ ውስጥ የግእዝም የአማርኛም ሙዳየ ቃላት ካለዎት አይቸገሩ። የመጫኛውን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ መጻፍ ይቻላል፤ እያንዳንዱ የራሱ ፋይል፣ የራሱ አደራደርና የራሱ የፊልድ ቅንብር አለው። የግእዙን ፊደሉ ሳይነካ፣ የአማርኛውን ተዋሕዶ፣ በየራሳቸው ርእስ ያወጡዋቸዋል። በአንድ ቅንብር ሁለቱንም ለማስደሰት የሚሞክር ሰው ሁለቱንም ያበላሻል።

ሌላም አለ። ቃላትን በሁለት ነጥብ «፡» የሚለዩ ከሆነ ምልክቱ በሠንጠረዡ ላይ ከፊደላቱ በኋላ ነው ያለው፤ ባዶ ቦታ ግን ከሁሉም በፊት ነው። ስለዚህ በ«፡» የተጻፈ ባለ ሁለት ቃል ሐረግ ባልጠበቁት ቦታ ይወርዳል። በ«ሶርት» ፊልድ ውስጥ «፡»ን በባዶ ቦታ ይተኩት፤ በ«ኔም» ላይ እንዳለ ይቆያል።

ጥያቄ፣ ከወልድያ፦ «ገበሬ»ን በብዙ ቁጥር ስጠራው የእንግሊዝኛ ኤስ ከኋላው ለጥፎ አወጣልኝ። ሳቅኩ ከዚያ ደነገጥኩ።

መልስ፦ እህቴ፣ እኛም ሳቅን። ምክንያቱ ይህ ነው፤ «ፕሉራል» የሚባለውን ፊልድ ካልሞላሽው መሣሪያው ነጠላውን ወስዶ ዲፎልት ቅጥያውን ይለጥፍበታል፤ ቅጥያው ደግሞ የእንግሊዝኛው ኤስ ነው።

ብዙዎች ታዲያ ቅጥያውን «ኦች» አድርገው ይቀይሩታል። ይህም አያዋጣም። የእኛ ብዙ ቁጥር ከመጨረሻው ፊደል ጋር ይዋሐዳል፤ «ቤት» «ቤቶች» ይሆናል እንጂ «ቤትኦች» አይሆንም፣ «ገበሬ» ደግሞ «ገበሬዎች» ነው። መለጠፍ የሚያውቅ ማሽን ይህን አይሠራም። ስለዚህ ቅጥያውን ባዶ አድርጊውና በብዙ ቁጥር የምትጠሪያቸውን ቃላት ብቻ እየለየሽ «ፕሉራል» ፊልዳቸውን በእጅሽ ሙዪ። ረስተሽ የዘለልሽው ቃል ቢኖር በነጠላ ይወጣል፤ ከኤስ ይሻላል። ምህፃረ ቃላት ላይ ሁለት ፊልድ ነው የምትሞዪው፣ አንዱ ለአጭሩ አንዱ ለረጅሙ። የአጭሩ ቅጥያም ለብቻው ይቀየራል፤ እሱንም ባዶ አድርጊው።

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ በዐረፍተ ነገር ውስጥ «የገበሬው»፣ «በቤቱ» ማለት ስፈልግ ምን ላድርግ? ሁሌ ቃሉ ብቻውን ይወጣል።

መልስ፦ ከፊት የሚመጡት «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» ቀላል ናቸው፤ ከትእዛዙ ፊት አስጠግተህ ጻፋቸው። ማስፈንጠሪያው የሚያርፈው ቃሉ ላይ ብቻ ነው፣ ጥሩም ይመስላል። ከኋላ የሚመጣው በሁለት ይከፈላል። ሳይዋሐድ የሚለጠፍ ከሆነ፣ እንደ «ገበሬው» እና «ገበሬውን»፣ ከመለያው በኋላ በሚመጣው ባለ ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ «ው» ወይም «ውን» ብትል አብሮ ይገባል። የሚዋሐድ ከሆነ ግን፣ እንደ «ቤቱ»፣ ጽሑፉን ራስህ የምትሰጥበትን «ጂኤልኤስ-ዲስፕ» የሚባለውን ትእዛዝ ተጠቀም፤ መለያውን አንድ ጊዜ፣ የሚታተመውን አንድ ጊዜ ትጽፋለህ። መሣሪያው ያንንም እንደ መጠቀም ይቆጥረዋል፣ የገጽ ቁጥሩንም ይመዘግባል።

ጥያቄ፣ ከባቲ፦ የዜማ ጥናት ነው የያዝኩት። ለእያንዳንዱ ቃል ቅኝቱንና የተሰበሰበበትን ቦታ የሚይዙ ሁለት የራሴን ፊልዶች ጨመርኩ። አንዳቸውም አልታዩም፤ የስሕተት መልእክትም የለም።

መልስ፦ ቢብ-ቱ-ጂኤልኤስ የማያውቀውን ፊልድ ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው። አይቆምም፣ አይጮህም። ያንተን ፊልድ እንዲያውቅ በሰነዱ መግቢያ ላይ «ጂኤልኤስ-አድ-ስቶሬጅ-ኪ» በሚባለው ትእዛዝ ማስተዋወቅ አለብህ፤ ያውም ፋይሉን ከሚጭነው ትእዛዝ በፊት። ከኋላ ከመጣ እንዳልነበረ ነው። በሁለቱ ትእዛዞች ቅደም ተከተል ምክንያት ቀኑን ሙሉ የሚባክን ሰው ብዙ ነው።

አዲስ ፊልድ መፍጠር ካልፈለግክ «ዩዘር-1» እስከ «ዩዘር-6» የሚባሉ ስድስት ባዶ ፊልዶች ተዘጋጅተው አሉ። ፋይልህን ቀደም ብለህ በራስህ ስሞች ከሞላኸው አንድ በአንድ አትቀይር፤ «ፊልድ-ኤሊያስስ» በሚለው ቅንብር የኔን «ቅኝት» እንደ «ዩዘር-1»፣ የኔን «ቦታ» እንደ «ዩዘር-2» አንብብ ትለዋለህ። ፋይሉ እንዳለ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ግን ፊልዱን ማስገባት ነው እንጂ ማሳየት አይደለም። ለማሳየት ከፍቺው በኋላ የሚሠራውን መንጠቆ፣ ማለትም መሣሪያው በራሱ የሚጠራውን ትእዛዝ፣ ትጠቀማለህ። መንጠቆው የሚለየው በ«ካታጎሪ» (የቃሉ ምድብ) ፊልድ ነው። የዜማ ቃላትህን አንድ ካታጎሪ ውስጥ አስገባቸውና ለዚያ ካታጎሪ ብቻ «ፊልዱ ከተሞላ በቅንፍ አውጣ» በል። ያኔ «አምባሰል» ከፍቺው ቀጥሎ «(ቅኝት፤ ደሴ)» ይዞ ይወጣል፣ ቅኝት የሌለው ተራ ቃል ግን ባዶ ቅንፍ አይታቀፍም። ሁኔታውን ካልጻፍክ ግን ሙዳየ ቃላቱ በባዶ ቅንፍ ይሞላል፤ አይቼዋለሁ፣ ያስጠላል።

አንድ ወጥመድ ልንገርህ። የዝርዝር ስታይልህ «ቡክ-ኢንዴክስ» ከሆነ ፍቺን ጨርሶ አያሳይም፣ መንጠቆውም ከፍቺው ጋር ይቀራል። ስታይሉን መጀመሪያ አጣራ።

እግረ መንገዴን፣ የቅኝቶቹን ስሞች በወፍራም ፊደል ለማውጣት «ኔም» ፊልድ ውስጥ የማወፈሪያ ትእዛዝ ስትከት አይቻለሁ። ተወው። «ኔም» ንጹሕ ቃል ይሁን፤ ማወፈሩን ለካታጎሪው «ግሎስ-ኔም-ፎንት» በሚባለው ባሕርይ አንድ ጊዜ ስጠው። ነገ ሐሳብህን ብትቀይር አንድ መስመር ነው የምትነካው።

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ ፍቺዬን በአራት ነጥብ ጨርሼ ከጎኑ የእንግሊዝኛ ነጥብ ይጨምርብኛል።

መልስ፦ ሁለት ቦታ ፈልግ። ጥቅሉ ሲጠራ «ፖስት-ዶት» ተብሎ ይሆናል፤ ካልሆነ መጫኛው ላይ «ፖስት-ዲስክሪፕሽን-ዶት» በርቷል። ግሎሳሪስ-ኤክስትራ በራሱ ነጥብ አይጨምርም፤ አሮጌው ግሎሳሪስ ብቻውን ሲሆን ግን ይጨምራል። ከሰው የተቀበልከው አብነት ፋይል ከሆነ እዚያ ውስጥ ነው የተደበቀው። አጥፋውና አራት ነጥቡን በፍቺው ውስጥ ራስህ ጻፍ።

ጥያቄ፣ ከከሚሴ፦ ፋይሌ ውስጥ ያሉት ቃላት ብዙ ናቸው፣ የወጡት ግን ጥቂት።

መልስ፦ በጽሑፉ ውስጥ የጠራሃቸውንና እነሱ የሚጠቅሷቸውን ብቻ ነው የሚመርጠው። ሁሉም ይውጣ ካልክ «ሰሌክሽን» የሚለውን «ኦል» አድርገው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን አልመክርህም፤ ፈታኝ በጽሑፉ ያልተጠቀሰ ቃል ካየ ይጠይቅሃል።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ በቢብ-ቱ-ጂኤልኤስ ፈንታ ሜክኢንዴክስ የተባለው የቆየ መደርደሪያ ይበቃል የሚል ሰው አለ።

መልስ፦ ለእንግሊዝኛ ይበቃል። ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት፣ በኮምፒውተር ትንንሽ የመረጃ ቁራጮች፣ የማስቀመጫ ዘዴ) ሲጻፍ የሁሉም ሆሄ የመጀመሪያ ባይት አንድ ነው፤ ሜክኢንዴክስ ደግሞ ባይት በባይት ስለሚያይ «ሀ»ን ከ«ፐ» ለይቶ በየፊደሉ ርእስ ሊያወጣ አይችልም። በተጨማሪም የፊልድ ቅንብር የሚባል ነገር የለውም፤ እስካሁን ያወራነው ሁሉ እሱ ጋ አይሠራም።

ጥያቄ፣ ከላሊበላ፦ ሁሉንም አስተካክያለሁ ብዬ ነበር፤ አንድ ቃል ግን አሁንም ያለቦታው ነው። ምን እንደደረሰበት የማየው የት ነው?

መልስ፦ ቢብ-ቱ-ጂኤልኤስ ሲጨርስ መጨረሻው ጂኤልኤስ-ቴክ የሆነ ፋይል ይተዋል። በተራ ጽሑፍ ማረሚያ ክፈተው። እያንዳንዱ ቃል በመጨረሻ የያዛቸው ፊልዶች እዚያ ተዘርዝረዋል፤ «ሶርት»ም የተጻፈው አንተ በሰጠኸው ሳይሆን መሣሪያው በተጠቀመበት መልክ ነው። ቃሉን ፈልግና ያቺን መስመር አንብብ። ብዙ ጊዜ የምታገኘው በዓይን የማትለይ «ሃ» ወይም ከቃሉ በፊት የገባች ባዶ ቦታ ናት። አርመህ ስትጨርስ በዚላቴክ (ዩኒኮድን በሚያነበው የላቴክ ዓይነት) አንዴ፣ በቢብ-ቱ-ጂኤልኤስ አንዴ፣ ከዚያ እንደገና በዚላቴክ አስኪደው። መካከለኛውን ከዘለልክ የትናንቱ ዝርዝር ነው የሚወጣልህ።