ስለ አንገት ቢላ ለጠየቃችሁን

ጥያቄ፦ የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። ካርቶን እከፍታለሁ፣ ገመድ እቆርጣለሁ፣ በእረፍቴም እንጨት መጥረብ እወዳለሁ። ኪሴ ውስጥ ታጣፊ ቢላ አለኝ። እሱ ሲጠፋ ወይም አንድ እጄ ሲያዝ የሚደርስልኝ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ቢላ ፈልጌ ሦስት አገኘሁ። ኢዙላ፣ ሚኒማሊስት ወይስ የሞራ ኤልድሪስ?

መልስ፦ እነዚህን ሦስት ቢላዎች በዋናነት የሚለያቸው ውፍረታቸው ነው። የኢዙላ ስለት 6.7 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የሚኒማሊስት 5.4 ያህል ይረዝማል፤ ኤልድሪስ በሁለቱ መካከል ነው። በውፍረት ግን ኢዙላ 4 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ ኤልድሪስ 2 ብቻ ነው። ወፍራም ስለት ካርቶን ውስጥ ትንሽ ገባ ብሎ ይያዛል። አፉ የቱንም ያህል ቢሳል ከኋላው ያለው ብረት ካርቶኑን መግፋት አለበት። ቀጭኑ ያለ ትግል ያልፋል።

ለእርስዎ ሥራ የምንመርጠው ኤልድሪስን ነው። ከስለቱ ጎን ጀምሮ እስከ አፉ ድረስ በአንድ ወጥ ዝንባሌ የተሞረደ በመሆኑ እንጨት ላይ ሳይንሸራተት ይነክሳል። ሲስሉትም ያንኑ ዝንባሌ ድንጋዩ ላይ አስተኝቶ መሳብ ነው። እጀታው አጭር ቢሆንም ወፈር ብሎ መዳፍ ይሞላል። ጉድለቱ ጣት ወደ ስለቱ እንዳይሄድ የሚገታ ነገር የሌለው መሆኑ ነው፤ እጅዎ እርጥብ ወይም ቅባታም ሲሆን በጫፉ የሚወጋ ሥራ አይሥሩበት።

ሚኒማሊስት እጀታው ላይ የጣት ማረፊያዎች ስላሉት ሳያዩት እንኳ አስተካክለው ይጨብጡታል። ትልቅ እጅ ላለው ግን ማረፊያዎቹ ጣቶቹን ያጨናንቁበታል። ኢዙላ ከሦስቱ ለጉልበት ሥራ የሚታመነው ነው፤ ሆኖም እጀታው ልባጥ የሌለው ባዶ ብረት ሆኖ የሚሸጥ ስለሆነ ገመድ ካልጠመጠሙበት ብዙ ሲሠሩበት መዳፍ ይቆረቁራል።

ጥያቄ፦ ቢላዬን በፓራኮርድ አንጠልጥዬዋለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ግን አውልቀው፣ ያንቅሃል ይለኛል። ጠንካራ ገመድ ምን ክፋት አለው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው፤ ዛሬውኑ ይቀይሩት። 550 የሚባለው ፓራኮርድ 250 ኪሎ ያህል ይሸከማል። በር እጀታ ላይ ወይም ቅርንጫፍ ላይ ቢያዝ የሚሸነፈው አንገትዎ ነው። ማንገቻው በግድ ሲጎተት የሚላቀቅ ቦታ ያስፈልገዋል። ቀጭን የዶቃ ሰንሰለት ይሠራል፤ ገመዱን ካልጠሉት ደግሞ ማጅራት በኩል ሲሳብ የሚከፈት የፕላስቲክ መቆለፊያ ይግጠሙለት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሰገባው ቢላውን የያዘበት ጉልበት መቆለፊያው ከሚከፈትበት ጉልበት ከበለጠ፣ ቢላውን ሲመዙ ሰገባውም ማንገቻውም አብረው ይመጣሉ፤ እጅዎ ላይ የሚቀረው ሰገባው ውስጥ ያለ ቢላ ነው። በሌላ በኩል መቆለፊያው በጣም ከጠነከረ ከፓራኮርዱ አይሻልም። ስሌቱን የሚያወሳስበው ደግሞ ጭነቱ በማንገቻው ሁለት ጎን መከፈሉ ነው። ሰገባውን በ4 ኪሎ ቢስቡት ማጅራት ላይ ያለው መቆለፊያ የሚደርሰው ወደ 2 ኪሎ፣ አንገት ላይ ባለው ሰበቃ ምክንያትም ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ መቆለፊያውን ለብቻው በእጅ ስበው «ይከፈታል» ብለው አይመኑ።

ፍተሻው በሻንጣ መመዘኛ ይሠራል። መጀመሪያ ሰገባውን አጥብቀው ይሰሩ፣ መመዘኛውን እጀታው ላይ ያስሩና ቢላው እስኪወጣ ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ከ1.5 እስከ 2.5 ኪሎ ቢያነቡ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ማንገቻውን ፎጣ በተጠቀለለበት የወንበር መደገፊያ ላይ አጥልቀው ሰገባውን ወደ ታች ይሳቡ። ማንገቻው ቢላውን ካወጣው ጉልበት ቢያንስ በእጥፍ እስኪሳብ መያዝ፣ ከ10 ኪሎ በፊት ግን መላቀቅ አለበት። ሁለቱንም ደጋግመው ይፈትሹ፤ የፕላስቲክ መቆለፊያ በተከፈተ ቁጥር ይላላል።

ካይዴክስ ከሚባለው በሙቀት የሚለሰልስ ፕላስቲክ የተሠራ ሰገባ ከላላ፣ አንዱ ምክንያት ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መቆየቱ ሊሆን ይችላል። ስለቱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው ሰገባው ውስጥ ይክተቱ፤ ሰገባው እጀታውን የሚነክስበትን ቦታ ብቻ በሙቅ አየር መንፊያ ያለስልሱ፣ ጓንት አድርገው ይጫኑት፣ እስኪቀዘቅዝም አይልቀቁት። ሙሉውን ካሞቁት ቅርጹ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ኢዙላዬ ጥቁር ቅብ አለው፤ ታዲያ አፉ ለምን ዛገ?

መልስ፦ ሲሳል አፉ ላይ ያለው ቅብ ስለሚነሳ ነው። የእርስዎ ኢዙላ የተሠራበት 1095 የተባለው ብረት ወደ 0.95 በመቶ ካርቦን ይዞ ዝገት የሚከላከልለት ክሮሚየም ግን የለውም። ደረት ላይ ደግሞ ጨዋማ ላብ አለ፤ ሰገባውም እርጥበቱን አፍኖ ያቆየዋል። ማታ ከሰገባው አውጥተው ያሳድሩት፤ ሰገባውን በውሃ አለቅልቀው ዘቅዝቀው ያድርቁ፤ ስለቱን ለምግብ ዕቃ በሚሆን የማዕድን ዘይት በስሱ ይቀቡት። ግራጫ ጥላ ከያዘ አያሳስብዎ፤ ቀዩን ግን ወዲያው ያስለቅቁ። ይህን ሁሉ መከታተል ከሰለቸዎ የማይዝግ ብረት ይምረጡ።

ጥያቄ፦ እጀታው ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች? ከሸሚዝ ሥር ይሻላል ወይስ ከላይ?

መልስ፦ ወደ ታች፤ በአንድ ስበት ይወጣል። ሰገባው መያዙን ግን ገልብጠው፣ ነቅንቀው፣ ዘለው ያረጋግጡ። የማንገቻውን ርዝመት ሰገባው የደረት አጥንትዎ ታችኛው ጫፍ አካባቢ እንዲውል ይለኩት። ከረዘመ ሲያጎነብሱ እየተወዛወዘ ይመታዎታል፤ ካጠረ እጀታው አገጭዎ ሥር ይገባል።

ከሸሚዝ ሥር ሲሆን አይወዛወዝም፤ ነገር ግን ብዙ ሕጎች በልብስ የተሸፈነ የማይታጠፍ ስለትን ከታጣፊ ቢላ አጥብቀው ይመለከታሉና አስቀድመው የአካባቢዎን ሕግ ይወቁ። የሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ሲሠሩ ከላይም ከሥርም አያድርጉት፤ ከአንገትዎ አውልቀው ያስቀምጡ። ሲተኙም እንደዚሁ።

ቢላው ከመመዘዙ ይልቅ ሲመለስ ነው ይበልጥ የሚቆርጠው፤ ወደ ደረት አቅጣጫ እየተገፋ፣ ዓይንም ሌላ ቦታ እያለ ስለሚከተት ነው። ሰገባውን በሌላው እጅዎ ከደረትዎ አርቀው ይያዙ፤ ጣቶችዎ ከአፉ ይራቁ፤ እያዩ ያስገቡት፤ «ጠቅ» ሲል ከሰሙ በኋላ ብቻ ይልቀቁት።