ቅርጫት ከመግዛታችሁ በፊት ከቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ጋር ተነጋገሩ

እህቴ፣ «ብሎካችን ውስጥ ሕፃናቱን ተቅማጥ አልለቅ አላቸው፤ ኮሚቴው ለቆሻሻ ልየታ ባለሦስት ቀለም ቅርጫት ሊገዛ ነው፤ ይጠቅማል ወይ?» ላልሽው፦ ቅርጫቱ ይቆይ። የብዙ ኮንዶሚኒየም ገንዘብ የሚቀልጠው እዚያ ላይ ነው። ነዋሪው የለየውን ሰብሳቢው ማኅበር በአንድ ጆንያ ገልብጦ ሲወስደው ያየ ሰው ሁለተኛ አይለይም።

1. ከማኅበሩ ጋር ቀን ቁረጡ፤ እርጥቡ (ልጣጭና የምግብ ትራፊ) በሳምንት ሁለቴ፣ ደረቁ አንዴ። ዝንብ በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል፤ ስለዚህ ሳምንት የከረመ የልጣጭ ባልዲ ዝንብ ይፈለፍላል። ያቺው ዝንብ ከዳይፐር ተነስታ ጡጦ ላይ ታርፋለች። ማኅበሩ እንቢ ብሎ ወረዳ ስትሄዱ መልሱ «መኪና የለም» ነው፤ መቼም ኖሮ አያውቅም! አዋጅ ቁጥር 513/1999 መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን እንዲለይ የቤቱን ኃላፊ ያስገድድ ነበር፤ በ2017 በአዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስለተተካ አዲሱን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ግልባጩንም ማኅተም አስመቱ።

2. ለእርጥቡ ክዳኑ የሚገጥም የቀለም ባልዲ ይበቃል። ሃይላንድ፣ ካርቶንና ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይቀመጥ፤ የራሰ ካርቶን ቆራሌው አይገዛም። ዳይፐርና ሞዴስ ለብቻ። ሰገራው መጀመሪያ ሽንት ቤት ይደፋ፣ ዳይፐሩ ተጠቅልሎ በደንብ ይታሰር። የሕፃን ሰገራ ንጹሕ ነው የሚሉ አሉ፤ በሽታ እንደ አዋቂው ያስተላልፋል። ምላጭና መርፌ በወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጠብቆ።

3. ግቢው ቦታ ካለው ኮምፖስት (ከልጣጭና ቅጠል የሚበሰብስ ማዳበሪያ) ሥሩ፦ ለአንድ ባልዲ ልጣጭ ከሁለት እስከ ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ወይም ሰጋቱራ። ክምሩ በቁመትም በጎንም 1 ሜትር ካልሞላ በደንብ አይሞቅም፣ ካልሞቀ ደግሞ የዝንብ ትሉ አይሞትም። በሳምንት አንዴ ይገላበጥ። ከሸተተ ውሃ በዝቶበታል፤ ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ከአንድ ሁለት ጠብታ በላይ ካወጣ ደረቅ ጨምሩ። ሥጋና አጥንት አይግባ፣ አይጥ ይጠራል። ዳይፐርማ ጨርሶ!

የተረፈውን ላስቲክ ጥበቃው ጥግ ላይ እንዳያቃጥለው። ጭሱ በየመስኮቱ ይገባል፤ ተቅማጡን በሳል መለወጥ ነው የሚሆነው። ባልዲ ያጠበ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ልጅ አይመግብ። ሮቶውንም ከፍታችሁ እዩት፤ ታቹ ደለል ከያዘ ልየታው ብቻውን ተቅማጡን አያቆመውም። ደም የቀላቀለው ወይም ዓይኑ የጎደጎደ ልጅ ካለ ይህን ሁሉ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።