ስክሪኑ ላይ መስመር ካለ ቱቦው አልሞተም

ወንድምዓለም፣ ማራኪ ባለው ጌም ቤትህ ያለው ባለሳንቲሙ አሮጌ ማሽን ድምፁ እየሰራ ምስሉ ጠፍቶ መሃል ላይ አንድ አግዳሚ ነጭ መስመር ብቻ ቀረ ብለሃል። ያየው ባለሙያም «ቱቦው (ምስሉ የሚታይበት ትልቁ መስታወት) ሞቷል፣ ፍላት ስክሪን ግጠምበት» አለህ። እዚሁ ጎንደር አሮጌ ቴሌቪዥንና ጌም ማሽን ስጠግን ኖሬያለሁ፣ በዚህ አልስማማም።

መስመር ከታየ ቱቦው በሕይወት አለ። ከፍተኛው ቮልቴጅ እየደረሰው ነው፣ ምስሉን የሚስለው የኤሌክትሮን ጨረርም ወደ ግራና ቀኝ ይሄዳል። የቆመው ምስሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጋው ክፍል ብቻ ነው። እስኪጠገን ግን አታብራው። መስመሩ አንድ ቦታ ሲቆይ የስክሪኑን ፎስፈር (ከውስጥ የተቀባውን የሚያበራ ቅብ) ያቃጥላል፣ ጠባሳው አይለቅም።

«ራሴ ልክፈተው ወይ?» ላልከው፣ መጀመሪያ ይህን እወቅ። ሶኬቱ ተነቅሎም ቱቦው ቻርጅ ይዞ ይቆያል። ባለ 19 ኢንች ባለቀለም ቱቦ የሚሰራው ከ20 ሺህ ቮልት ባላነሰ ነው። እጀታው በደንብ የተሸፈነ ረጅም ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ያዝ። ብረቱን በሽቦ ከቱቦው ጀርባ ከተወጠረው እርቃን የግራውንድ ሽቦ ጋር አስቀድመህ እሰር። ከዚያ ጫፉን ወፍራሙ የከፍተኛ ቮልቴጅ ሽቦ ቱቦው ላይ በሚገባበት የጎማ ቆብ ስር አሾልክና ውስጡ ያለውን ብረት አስነካ። ጧ ቢል አትደንግጥ። ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ ድገመው፤ ቻርጁ መልሶ ይጠራቀማል። ግራውንድ ብለህ ቦርዱን እንዳትጠቀም፣ ቺፖቹን ትጨርሳቸዋለህ። አንድ እጅህ ኪስ ይግባ፣ ቀለበትህን አውልቅ፣ ሰው አጠገብህ ይሁን። የፓወሩን ትልቁን ካፓሲተርም (ቻርጅ የሚያጠራቅመውን) ሳትነካ በቴስተር ለካው። የቱቦው አንገት ስስ ብርጭቆ ስለሆነ ክርንህ እንዳይመታው። ይህን በእርጋታ መስራት ካልቻልክ ለሚችል ሰው ስጠው፤ እለምንሃለሁ።

አሁን ቦርዱን ገልብጥ። ከቱቦው አንገት ላይ ካለው የሽቦ መጠምጠሚያ የሚመጣው ሶኬት የተበየደበትንና የቨርቲካሉን (ምስሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጋውን) አይሲ እግሮች በደንብ ብርሃን እይ። አይሲው ሲግልና ሲቀዘቅዝ ብየዳው ይሰነጠቃል፤ በእያንዳንዱ እግር ዙሪያ ቀጭን ክብ ስንጥቅ ካየህ እንደገና በየደው። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ በአካባቢው ያሉትን ኤሌክትሮላይት ካፓሲተሮች ቀይር። ማይክሮፋራዱ ያው፣ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ፣ 105 ዲግሪ የሚችል ይሁን፤ ፖላሪቲውን ጠብቅ። በመጨረሻ አይሲውን። ለምሳሌ ዌልስ ጋርድነር ኬ7000 በሚባለው የጌም ማሽን ሞኒተር ላይ ያለው ኤልኤ7830 የሚባል አይሲ በአሮጌ ቴሌቪዥኖችም ውስጥ አለ። አዲስ ከመፈለግህ በፊት ፒያሳና አራዳ ያሉ የጥገና ቤቶች የጣሏቸውን ቴሌቪዥኖች ጠይቅ።

ፍላት ስክሪኑ ደግሞ እንዲሁ አይገጠምም። የእነዚህ ማሽኖች የምስል ምልክት መስመሮቹን የሚስልበት ፍጥነት በአብዛኛው 15 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው፣ ተራ የኮምፒውተር ሞኒተር ከ31 ነው የሚጀምረው። ምልክቱን የሚቀይር ቦርድ ያስፈልግሃል። ምስሉም ጌሙ የተሰራለትን መልክ ያጣል፤ እኔ ይሄ ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ቀረ። ከውጭ የመጡ ብዙ አሮጌ ማሽኖች ለ100 ወይም ለ110 ቮልት የተሰሩ ናቸው፣ የኛ መስመር 220 ነው። ውስጡ ያለው ከባድ ትራንስፎርመር ቮልቱን ከማስተካከል ሌላ ሞኒተሩን ከመስመሩ ይለያል። ሲቃጠል ሽቦውን በቀጥታ የሚያገናኙ ሰዎች አሉ። ያኔ የሞኒተሩ ብረት ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል፣ ማሽኑን የሚነኩት ደግሞ ልጆች ናቸው። ጀርባውን ከመዝጋትህ በፊት ትራንስፎርመሩ በቦታው መኖሩን፣ የማሽኑ ብረትም ከሶኬቱ ግራውንድ ጋር መገናኘቱን በቴስተር አረጋግጥ።